ከተከራየ አንደበት ወደ ተፈረመ ገጽ፤ የሕዝብ ግንኙነት ተማሪ ጦማርን ለምን ይማራል?

የሕዝብ ግንኙነት ተብሎ የሚጠራው ሙያ በዚህ ስሙ መታወቅ ከጀመረ ከአንድ መቶ ዓመት ብዙም ያልዘለለ ቢሆንም ሥራው ግን እጅግ ጥንታዊ ነው። ገዥ ለተገዥው፣ ባለሀብት ለገበያተኛው፣ ቤተ መንግሥት ለአገሬው ሊል የፈለገውን በሌላ ሰው አንደበት ሲያስነግር ኖሯል። በአገራችን ነጋሪት ተጎስሞ አዋጅ በሚነገርበት ጊዜ አዋጅ ነጋሪው፣ የሰማው ላልሰማው እንዲያሰማ ያሳስብ ነበር። ሰሚው ወሬውን የማዳረስ ግዴታ ተጣለበት እንጂ በዚያው አደባባይ ቆሞ መልስ የሚሰጥበት ሥርዓት አልተበጀለትም። መልሱ በሌላ ጊዜና በሌላ ቦታ፣ በአዝማሪ ግጥም፣ በእረኛ እንጉርጉሮ፣ በጠላ ቤት ጨዋታ ይነገር ነበር። አዋጁ በአደባባይ፣ መልሱ በጓዳ መሆኑ የዚህ ሙያ የቆየ ሕመም ነው፤ ከዚህ በታች የሚተረከውም በአመዛኙ የዚሁ ሕመም ታሪክ ነው።

ዛሬ በከፍተኛ ትምህርት ተቋማት የሕዝብ ግንኙነት ትምህርት የሚከታተል ተማሪ፣ ከጋዜጣዊ መግለጫ አጻጻፍና ከመጽሔት ዝግጅት ሌላ የጦማርን አጻጻፍ እንዲማር የሚደረገው ለምንድን ነው? ተብሎ ሲጠየቅ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው መልስ «ዘመኑ ስለሆነ» የሚል ነው። ይህ ደካማ መልስ ነው። ዘመን ያመጣው ሁሉ ለትምህርት ይቅረብ ከተባለ ትምህርት ቤቱ ገበያ መሆኑ ነው። ደግሞም ጦማር ራሱ የዛሬ ሃያ ዓመት የነበረው አዲስነት ዛሬ የለውም። እውነተኛው ምክንያት የሚገኘው ከመሣሪያው አዲስነት ላይ ሳይሆን ከሙያው ታሪክ ውስጥ ነው። ይህም ታሪክ የሚጀምረው ከአሜሪካ የድንጋይ ከሰል ጉድጓዶች በመሆኑ፣ የኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው ካልተባለ በቀር በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ1877 በጆርጂያ ግዛት የተወለደው አይቪ ሊ በኒው ዮርክ ጋዜጦች በዘጋቢነት የሠራ፣ ኋላም ብዕሩን ለኩባንያዎች ያከራየ ሰው ነበር። ዘመኑ የአሜሪካ ታላላቅ ከበርቴዎች በጋዜጠኞች ብርቱ ትችት የተወጠሩበትና ለሚሰነዘርባቸው ወቀሳ ሁሉ በር ዘግቶ ዝም ማለትን እንደ ብልኅነት የሚቆጥሩበት ዘመን ነው። በ1906 የድንጋይ ከሰል ማዕድን ባለቤቶች ከሠራተኞቻቸው ጋር በተፋጠጡበት ጊዜ ሊን ቀጠሩት። እርሱም ለጋዜጣ አዘጋጆች የመርሕ መግለጫ ላከ። መግለጫው ባጭሩ፣ የሊ ጽሕፈት ቤት ሥራውን በግልጽ እንጂ በስውር እንደማይሠራ፣ የሚያቀርበው ዜና እንጂ ማስታወቂያ እንዳልሆነ፣ ማንኛውም አዘጋጅ ዝርዝሩን ሊያጣራ ቢፈልግ እንደሚረዳው የሚያስታውቅ ነበር። በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር በአትላንቲክ ሲቲ አጠገብ የፔንሲልቫኒያ ምድር ባቡር ኩባንያ ባቡር ከድልድይ ላይ ወድቆ ከ50 በላይ ሰዎች በሞቱ ጊዜ፣ ሊ እንደ ቀድሞው ልማድ አደጋውን ከመደበቅ ይልቅ የደረሰውን በጽሑፍ ለጋዜጦች አደለ። ይህ ወረቀት በሙያው ታሪክ የመጀመሪያው ጋዜጣዊ መግለጫ ተብሎ ሲጠቀስ ይኖራል።

እስከዚህ ድረስ ያለው ታሪክ በመማሪያ መጻሕፍት ላይ በደስታ የሚተረክ ነው። ተማሪው ግን ከዚህ ይልቅ ሊያተኩርበት የሚገባው ቀጥሎ የመጣው ነው።

በመስከረም 1913 በደቡባዊ ኮሎራዶ የሚገኙ የድንጋይ ከሰል ሠራተኞች የማኅበራቸው ሕጋዊነት እንዲታወቅላቸው፣ የሥራ ሰዓታቸው እንዲወሰን፣ የቆፈሩት ከሰል በትክክል እንዲመዘንላቸውና ከኩባንያው ሱቅ ብቻ እንዲገዙ መገደዳቸው እንዲቀር ጠይቀው ሥራ አቆሙ። ከግሪክ፣ ከኢጣሊያ፣ ከምሥራቅ አውሮፓና ከሜክሲኮ የመጡ ብዙ ሰዎች የነበሩባቸው እነዚህ ሠራተኞች የሚኖሩት በኩባንያው ቤቶች ስለነበር ከነቤተሰቦቻቸው ወደ ሜዳ ተባረሩ። ከተተከሉት የድንኳን መንደሮች ትልቁ ሉድሎው ሲሆን 1,200 ያህል ሰዎች ክረምቱን ያሳለፉት በዚያ ነው። ሚያዝያ 20 ቀን 1914 የግዛቲቱ ብሔራዊ ዘብ ወታደሮችና የኩባንያው ዘበኞች በመንደሩ ላይ ተኩስ ከፈቱ፤ ተኩሱ ቀኑን ሙሉ ውሎ ሲመሽ ድንኳኖቹ ተቃጠሉ። ከአንደኛው ድንኳን ሥር ከጥይት ለመሸሸግ በተቆፈረ ጉድጓድ ውስጥ የተደበቁ 2 ሴቶችና 11 ሕፃናት ታፍነው ሞቱ። የግሪክ ሠራተኞች መሪ የነበረው ሉዊስ ቲካስም በዚያው ዕለት ተገደለ።

ከማዕድን ኩባንያዎቹ ዋነኛው የኮሎራዶ ነዳጅና ብረት ኩባንያ ሲሆን ትልቁ የአክሲዮን ድርሻ የሮክፌለር ቤተሰብ ነበር። አገር በቁጣ ነደደ፤ ደራሲው አፕተን ሲንክሌር ክንዱ ላይ ጥቁር ጨርቅ አስሮ በኒው ዮርክ ከሮክፌለር ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት በዝምታ ይመላለስ ጀመር። በዚህን ጊዜ ጆን ዲ. ሮክፌለር ልጅየው አይቪ ሊን አስጠርቶ ሥራውን ሰጠው።

ሊ የመረጠው ዘዴ በራሪ ቡለቲን ነበር። በ1914 የበጋ ወራት በተከታታይ የወጡት እነዚህ ወረቀቶች በኮሎራዶ ስለሚካሄደው ትግል እውነተኛውን ነገር እናስረዳለን እያሉ ለጋዜጣ አዘጋጆች፣ ለሕዝብ ተመራጮች፣ ለካህናትና ለመምህራን በፖስታ ይታደሉ ነበር። አቀራረባቸው የተረጋጋ፣ አሃዛቸው የተደረደረ፣ ቋንቋቸው ጨዋ ነው። ችግሩ ከአሃዙ ላይ ነበር። ከቡለቲኖቹ አንደኛው የሠራተኛ ማኅበሩ መሪዎች የዓመት ደመወዝ የሆነውን ገንዘብ በዘጠኝ ሳምንት ብቻ የተከፈላቸው አስመስሎ አቀረበው። በዚህ ስሌት የማኅበሩ ሰዎች በድሀው ሠራተኛ መዋጮ የሚከብሩ ዘራፊዎች ሆነው ታዩ።

ጉዳዩን የመረመረው በፍራንክ ዋልሽ የሚመራ የኢንዱስትሪ ግንኙነት ኮሚሲዮን በ1915 ሊን አቅርቦ ጠየቀው። ሊ የቡለቲኖቹን ዝርዝር የሚቀበለው ከኩባንያው ሰዎች እንደሆነ፣ እውነት መሆኑንም በራሱ እንዳላጣራ አመነ። በ1906 ማንኛውም አዘጋጅ ሊያጣራ ቢፈልግ እረዳዋለሁ ያለው ሰው፣ ራሱ አለማጣራቱን የተናገረው ከዘጠኝ ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። አድማው ግን ከዚህ ቃል በፊት፣ በታኅሣሥ 1914፣ የማኅበሩ ገንዘብ አልቆ ያለ ውጤት ተበትኖ ነበር። የሊ መጠሪያ በእንግሊዝኛ የሐረግ ስም በመሆኑ፣ ሲንክሌር ቆዳን ከምታቆስል አንዲት ሐረግ ስም ጋር አጣምሮ «መርዘኛው ሐረግ» የሚል ቅጽል አወጣለት፤ ሰውየው በ1934 እስኪሞት ድረስም ስሙ አልለቀቀውም።

ከዚህ ላይ አንድ ነገር በጥሞና ሊታይ ይገባል። ሊ ሐሰተኛ ሰው ስለነበር ሐሰት ጻፈ ብሎ ማለፍ ቀላል ነው፤ ነገር ግን እንዲህ ያለው ፍርድ ለተማሪው ምንም አያስተምረውም። በቡለቲኑ አሠራር ውስጥ ስሕተቱን በጊዜው የሚይዝ አንዳች ነገር አልነበረም። ጽሑፉ ከኮሎራዶ ርቆ ይዘጋጃል፤ ዝርዝሩ ከዴንቨር ይመጣል፤ ወረቀቱ በፖስታ በመላው አገር ይበተናል። ደመወዙ የዘጠኝ ሳምንት ሳይሆን የዓመት መሆኑን በሚገባ የሚያውቀው ሰው በትሪኒዳድ ከተማ ወይም በድንኳን ውስጥ ተቀምጧል፤ የቡለቲኑ ተቀባዮች ዝርዝር ግን የእርሱን ስም አይጨምርም። የሠራተኞቹ ድምፅ ከኮሎራዶ ለመውጣት እግርና ባቡር ያስፈልገው ነበር፤ ከእሳቱ የተረፉ ሴቶች ዋሽንግተን ድረስ ተጉዘው ያዩትን ለፕሬዝዳንት ዊልሰን በቃላቸው የነገሩት ሌላ መንገድ ስላልነበራቸው ነው። ለአንዱ ወገን የቴምብር ዋጋ፣ ለሌላው ወገን የሺህ ኪሎ ሜትሮች ጉዞ።

ሙያው ከሉድሎው የተማረው ትምህርት የተሳሳተ ነበር። ቡለቲን በሐሰት ከተያዘ ተናጋሪው ጭራሽ አይታይ ወደሚል ብልጠት አዘነበለ። በቪየና ተወልዶ በኒው ዮርክ ያደገው የሲግመንድ ፍሮይድ የእኅት ልጅ ኤድዋርድ በርኔስ በ1923 በሙያው ላይ የታወቀ መጽሐፉን አሳተመ፤ በዚያው ጊዜም በኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ የሕዝብ ግንኙነትን ትምህርት መስጠት ጀመረ። በ1929 የትንሣኤ በዓል ዕለት በኒው ዮርክ ወጣት ሴቶች በሰልፍ መካከል ሲጋራ እያጨሱ እንዲሄዱ አደረገ። ጋዜጦች ነገሩን የሴቶች ነፃነት ምልክት አድርገው ዘገቡት፤ ከበስተ ጀርባ ያለው የትምባሆ ኩባንያ ግን አልታየም። ሊ ቢያንስ በ1906 መግለጫው ሥራውን በግልጽ እንደሚሠራ አስታውቆ ነበር። በርኔስ ደግሞ ስም የሌለው እጅ ከተፈረመበት ቃል ይልቅ እንደሚሠራ አሳየ፤ የሙያው ትምህርት ቤቶችም ለብዙ አሥርት ዓመታት ይህን ሰልፍ እንደ ታላቅ ጥበብ ሲያስተምሩት ኖሩ።

መልሱን ከጓዳ ወደ አደባባይ ያወጣው ነገር የመጣው ከሙያው ውስጥ አይደለም። በ1990ዎቹ መጨረሻ በኢንተርኔት ላይ አንዳንድ ግለሰቦች የዕለት ሐሳባቸውንና ያነበቡትን ነገር በየቀኑ እየመዘገቡ ማውጣት ጀመሩ። ጆርን ባርገር የተባለ አሜሪካዊ በታኅሣሥ 1997 ይህን ልማድ «ዌብሎግ»፣ ማለትም የመረብ መዝገብ፣ ብሎ ጠራው፤ ቃሉ ባጭሩ ብሎግ ሆነ። በ1999 «ብሎገር» የተባለው አገልግሎት ሲከፈት ስለ ኮምፒዩተር ቋንቋ ምንም የማያውቅ ሰው ያለ ገንዘብ የራሱ ገጽ ባለቤት ለመሆን ቻለ። የገጹ አሠራር ቀላል ነው። አዲሱ ጽሑፍ ከላይ ይቀመጣል፤ ቀንና የጸሐፊ ስም ይጻፍበታል፤ ጸሐፊው የጠቀሰውን ነገር አንባቢው በአንድ ንክኪ ከምንጩ ሊያየው ይችላል፤ ከጽሑፉ ግርጌ ደግሞ አንባቢው መልሱን ይጽፋል። አሮጌው ጽሑፍ አይጠፋም፤ በአድራሻው ይኖራል። በሉድሎው ቡለቲን ላይ የጎደለው ሁሉ፣ ማለትም ምንጩ፣ መልሱና የትናንቱ ቃል፣ እዚህ በአንድ ገጽ ላይ ጎን ለጎን ይቀመጣል።

የአማርኛ ጸሐፊዎች ለዚህ ነገር «ጦማር» የሚለውን ቃል መምረጣቸው የሚያስደስት ነው። ጦማር በግእዝ ደብዳቤ ወይም የተጻፈ ክርታስ ማለት ሲሆን፣ ከእርሱም ጦማሪ የሚል የባለሙያ ስም ወጣ። ነገሩም ለአገራችን ፍጹም እንግዳ አይደለም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ብላታ ገብረ እግዚአብሔር ሐሳባቸውን በእጅ እየተጻፈ በሚባዛ ወረቀት ያሠራጩ ነበር፤ ግሪካዊው አንድሪያስ ካቫዲያስ የጀመረው «አእምሮ» ጋዜጣም በመጀመሪያ በእጅ እየተጻፈ የሚወጣው በ24 ቅጂ ብቻ ነበር። የአንድ ሰው ብዕር፣ ጥቂት አንባቢ፣ ከእጅ ወደ እጅ መተላለፍ፤ የአገራችን ጋዜጣ የተወለደው እንዲህ ነው። ጦማሪ የሚለው ቃል በሰፊው ሕዝብ ጆሮ ዘንድ የገባው ግን በከባድ አጋጣሚ ነው። በ2004 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቆጣጠር «ዞን ዘጠኝ» በሚል ስም መጻፍ የጀመሩ ወጣቶች በ2006 ዓ.ም. ታስረው በሽብር ወንጀል ተከሰሱ፤ ከፊሎቹ ክሳቸው ተቋርጦ በ2007 ዓ.ም. መጨረሻ ተለቀቁ፤ የቀሩትን ፍርድ ቤቱ በጥቅምት 2008 ዓ.ም. ከሽብር ክሱ ነፃ አላቸው። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኞች በዚያን ጊዜ ጦማርን የሚያውቁት ከውጭ፣ እንደ ባላጋራ ቤት ነበር። በዚያ ቤት ውስጥ ገብቶ በስሙ መልስ የሚጽፍ ሰው ቢኖራቸው ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር ማሰብ ይቻላል።

ከውጭ ማወቅና ከውስጥ ማወቅ ያላቸውን ልዩነት በግልጽ የሚያሳየው የብስክሌት ቁልፍ ታሪክ ነው። በመስከረም 2004 አንድ ብስክሌተኛ በጣም ጠንካራ ተብሎ የሚሸጠው የክሪፕቶናይት ኩባንያ ቁልፍ በተራ የቢክ እስክሪብቶ ቀፎ እንደሚከፈት በኢንተርኔት ላይ አስታወቀ። ጦማሪዎች በተንቀሳቃሽ ሥዕል እያስደገፉ ወሬውን አዳረሱት፤ በቀናት ውስጥም ወደ ታላላቅ ጋዜጦች ደረሰ። ኩባንያው ቁልፎቹን ያለ ክፍያ እለውጣለሁ ብሎ እስኪያስታውቅ ድረስ ዝም በማለቱ ሙያተኞቹ ነገሩን ጦማርን ያላነበበ ኩባንያ ምሳሌ አድርገው ሲጠቅሱት ኖሩ። ይህ ትክክል አይደለም። የኩባንያው ሰዎች ኋላ እንዳስረዱት ወሬውን ገና ከመጀመሪያው ያውቁ ነበር፤ ቀንና ሌሊት ይደክሙ የነበረው ቁልፎቹን የሚለውጡበትን መንገድ ለማዘጋጀት ነው። ጆሮ ነበራቸው፤ በዚያ አደባባይ የሚናገሩበት አንደበት ግን አልነበራቸውም። «ሰምተናል፤ እየሠራንበት ነው» የምትል አንዲት ዐረፍተ ነገር የምትጻፍበት፣ በኩባንያው ስም የታወቀ ገጽና ሊጽፍባት የሚደፍር ሰው አልተገኘም። በዚህም ምክንያት ነው ተማሪው ጦማርን ማንበብ ብቻ ሳይሆን መጻፍ መማር አለበት የሚባለው።

የኮምፒዩተር አምራቹ ዴል የደረሰበት ከዚህ ይረዝማል። በሰኔ 2005 ጋዜጠኛው ጄፍ ጃርቪስ የገዛው ኮምፒዩተር ሲበላሽና ጥገናውም ሲያስመርረው ምሬቱን በጦማሩ ላይ ጻፈ፤ ከሥሩም ተመሳሳይ በደል የደረሰባቸው ብዙ ደንበኞች ተሰለፉ። ዴል አንድ ዓመት ያህል ካንገራገረ በኋላ በሐምሌ 2006 የራሱን ጦማር ከፈተ። የመጀመሪያዎቹ ጽሑፎች የተለመደው ራስን ማመስገን ስለሆኑ አንባቢ ሳቀባቸው። በዚያው ወቅት በጃፓን በአንድ ስብሰባ ላይ የዴል ኮምፒዩተር በእሳት ሲጋይ የተነሣ ፎቶግራፍ በዓለም ተሰራጭቶ ነበር። የጦማሩ ጸሐፊ ያንኑ ፎቶግራፍ አንባቢው እንዲያየው ራሱ ጠቁሞ፣ ኩባንያው ምክንያቱን እየመረመረ መሆኑን ጻፈ። ኩባንያ የራሱን እሳት በራሱ ገጽ ሲያሳይ ያልተለመደ ነገር ነበር፤ የአንባቢው አነጋገር የተለወጠውም ከዚህ በኋላ ነው። በነሐሴ ወር ዴል 4.1 ሚሊዮን ባትሪዎችን ከገበያ ሰበሰበ።

እነዚህ ታሪኮች ጦማር ለኩባንያ የሚበጅ መድኃኒት ነው ወደሚል ድምዳሜ እንዳይወስዱ፣ በዚያው 2006 የሆነው ሌላ ነገር መነገር አለበት። አንድ ወንድና አንዲት ሴት በመኖሪያ መኪና ከላስ ቬጋስ ተነሥተው ወደ ጆርጂያ እየተጓዙ፣ ሌሊት ሌሊት በዋል-ማርት መደብሮች ማቆሚያ እያደሩ፣ በየመደብሩ የሚያገኟቸውን ደስተኛ ሠራተኞች በጦማር ያስነብቡ ጀመር። ጽሑፉ ሞቅ ያለ፣ ፎቶግራፉ ያማረ፣ ተራኪዎቹም ተራ ተጓዦች ይመስሉ ነበር። ዋል-ማርት በዚያን ጊዜ በደመወዝና በጤና ዋስትና ጉዳይ በሠራተኛ ማኅበራት ብርቱ ክስ የሚሰነዘርበት ኩባንያ እንደነበር መዘንጋት የለበትም። በጥቅምት ወር ቢዝነስዊክ መጽሔት የጉዞው ወጪ የተሸፈነው ዋል-ማርትን ለመደገፍ በተቋቋመ ማኅበር መሆኑን፣ ነገሩንም የዋል-ማርት የሕዝብ ግንኙነት ድርጅት ኤደልማን እንዳቀናበረው አጋለጠ። ይበልጥ የሚገርመው ኤደልማን እንዲህ ያለውን መደበቅ የሚከለክል የሥነ ምግባር ደንብ ሲረቀቅ የተካፈለ ድርጅት መሆኑ ነው። የድርጅቱ ኃላፊ ሪቻርድ ኤደልማን ማንነትን ሳይገልጹ መቅረት የድርጅታቸው ጥፋት መሆኑን አምነው ይቅርታ የጠየቁት በራሳቸው ጦማር ላይ ነበር።

በ1929 የሲጋራው ሰልፍ ለዓመታት ሲደነቅ የኖረው፣ በ2006 የዋል-ማርት ጉዞ ግን በሳምንታት ውስጥ የፈረሰው ሰው በመካከሉ ይበልጥ ቅን ስለሆነ አይመስልም። ዘዴው አንድ ነው፤ ስም የሌለው እጅ ነው። የተለወጠው ቦታው ነው። በጦማር ላይ የሚጻፍ ቃል በሌሎች ጦማሮች መካከል ይነበባል፤ ጠያቂው ብዙ ነው፤ የሚጠይቅበትም ገጽ እዚያው ነው። በ2009 የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሲዮን ጦማሪ ስለሚያሞግሰው ዕቃ ክፍያ ወይም ስጦታ ተቀብሎ እንደሆነ ይህንኑ እንዲገልጽ የሚያዝ መመሪያ አወጣ። ሕጉ የመጣው አንባቢዎች ደንቡን በልማድ ካጸኑት በኋላ ነው ማለት ይቻላል።

እንግዲህ በሕዝብ ግንኙነት ትምህርት ቤት ጦማር ይማር ሲባል ምን ይማር ማለት ነው? በአንዳንድ ቦታ የሚሰጠው ትምህርት ገጽ መክፈትን፣ ቀለም መምረጥን፣ አንባቢ መቁጠርን የሚያስተምር ነው። ይህ በአንድ ሳምንት የሚያልቅ የእጅ ሥራ ነው። ከዚያ በላይ ያለው ትምህርት ተማሪው በሙሉ ስሙ ለወራት እየጻፈ፣ የጠቀሰውን ሁሉ ምንጩን እያሳየ፣ ሲሳሳት አሮጌውን ዐረፍተ ነገር ሳይሰርዝ ማረሚያውን ከጎኑ እያስቀመጠ፣ ለሚቃወመው አንባቢ በጨዋነት እየመለሰ መኖርን መለማመድ ነው። ይህን ያልተለማመደ ተመራቂ ወደ መሥሪያ ቤት ሲገባ የሚሰጠውን አሃዝ አሳምሮ ያቀርባል፤ አሃዙ ከየት እንደመጣ ግን አይጠይቅም። አይቪ ሊ የተያዘው በዚሁ ነው።

በዚህ ላይ የሚነሣ አንድ ጠንካራ ተቃውሞ አለ። የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኛ ደመወዝተኛ ነው፤ የሚናገረውም የቀጣሪውን ነው፤ ታዲያ በስሙ ይጻፍ፣ ይከራከር ማለት በእርሱና በአለቃው መካከል ጠብ መዝራት አይሆንም ወይ? ይህ ሐሰት አይደለም። በማይክሮሶፍት ኩባንያ ከ2003 እስከ 2006 የሠራው ሮበርት ስኮብል በጦማሩ የገዛ ኩባንያውን ሥራዎች ሲነቅፍ፣ የተፎካካሪዎቹንም ሲያሞግስ ይታይ ነበር፤ እንዲህ ያለውን ሠራተኛ የሚታገሥ አለቃ በየትም አገር ብርቅ ነው። ጦማር ተቀጣሪን ወደ ነፃ ምስክር አይለውጠውም። የሚለውጠው የመሥሪያ ቤቱን ውስጣዊ ክርክር ነው፤ በገጹ ላይ የሚፈርመው ሰው የማይመልስለትን አሃዝ «ይህን በስሜ አልጽፍም፤ ማስረጃው ይምጣ» ብሎ ለመጠየቅ ምክንያት ያገኛል። አንድ የሕዝብ ግንኙነት ክፍል ይህን ጥያቄ የሚጠይቅ አንድ ሰው ቢኖረው ከአሥር አሳማሪዎች ይጠቅመዋል።

ዛሬ የውይይቱ ዋና ሜዳ ጦማር አይደለም፤ ሕዝቡ ወደ ፌስቡክ፣ ወደ ቴሌግራም፣ ወደ ዩቲዩብ ፈልሷል፤ በአገራችን ብዙ መሥሪያ ቤቶችም መግለጫቸውን የሚያወጡት በእነዚሁ ነው። ይህ ግን ጦማርን የመማሩን ነገር አያፈርሰውም፤ እንዲያውም ያጠነክረዋል። በቴሌግራም የሚለቀቅ መልእክት ከመቶ ሌሎች መልእክቶች ጋር ወርዶ ይጠፋል፤ በብዙ ገጾች ላይም መልስ መስጫው ተዘግቶ ነጋሪቱ እንደ ጥንቱ ይጎሰማል። ረጅም፣ የተፈረመ፣ ምንጩ የሚታይ፣ መልስ የሚቀበል ጽሑፍ መጻፍን የተማረ ሰው በአጭሩም ቦታ ያንኑ ጠባይ ይዞ ይገባል። አጭሩን ብቻ የተማረ ግን ረጅሙን ሲጠየቅ የሚያቀርበው ማስረጃ ያጣል።

መምህራን በክፍል ውስጥ ሊሞክሩት የሚችሉት አንድ ልምምድ አለ። የ1914ቱን የደመወዝ ዐረፍተ ነገር ለተማሪዎች ሰጥቶ፣ እያንዳንዱ ተማሪ እንደ ኩባንያው ጸሐፊ ሆኖ በጦማር መልክ እንዲጽፈው ማድረግ ነው። የሁለተኛው ሰዓት ሥራ የግርጌውን መልስ መጻፍ ይሆናል፤ ግማሹ ክፍል በድንኳን ውስጥ ያለው የማኅበር ገንዘብ ያዥ ሆኖ፣ የሒሳብ ደብተሩን አውጥቶ፣ ክፍያው ከየትኛው ወር እስከ የትኛው ወር እንደሆነ ያሳያል። በሦስተኛው ሰዓት ደግሞ ኩባንያውን ወክለው የጻፉት ተማሪዎች፣ አለቃቸው ምን እንደሚላቸው እያወቁ፣ ማረሚያውን በየስማቸው ይጽፋሉ።